የእናቴ የብስኩት ቆርቆሮ፦ የቤት መድኃኒትን መልክ ማስያዣ መመሪያ

እናቴ መድኃኒቷን የምታስቀምጠው በሰማያዊ ክብ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ነበር። ብስኩቱ ካለቀ ስንት ዘመኑ! ያ ቆርቆሮ በየቤቱ አለ፤ አንዱ ቤት መርፌና ክር ይይዛል፣ ሌላው ቤት ክኒን። እኔ ቀኑን ሙሉ ፋርማሲ ውስጥ ቆሜ «ቀኑን አይታችኋል?» እያልኩ ሰው ስጨቀጭቅ እውላለሁ፤ የገዛ እናቴን ቆርቆሮ ግን ከፍቼ አላውቅም ነበር። የከፈትኩት «እናትሽን አዞራት» ተብሎ የተደወለልኝ ቀን ነው። ውስጡ ሁለት የደም ግፊት መድኃኒት አገኘሁ። አንዱ ፓኬት ላይ ፋብሪካው ያወጣለት ስም በትልቁ ተጽፏል፤ ሌላው ላይ የመድኃኒቱ የራሱ ስም። ሁለቱም ኤናላፕሪል ናቸው። አንዱን ከጤና ጣቢያ፣ አንዱን ከሌላ ክሊኒክ ታዞላት ሁለቱንም በየቀኑ ትውጥ ነበር። ያዘዟት ሁለቱም በየራሳቸው ልክ ነበሩ፤ ሁለቱን ፓኬት ጎን ለጎን አድርጎ ያየ ሰው ግን አልነበረም።

ከዚህ በታች ያለው የዚያን ቅዳሜ የሠራነው ሥራ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የብዙ ዘመድና ጎረቤት ቤትም በዚሁ መንገድ አስተካክያለሁ። የምንፈልገው ውጤት አንድ ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ፣ መብራት ጠፍቶ፣ ልጅ በትኩሳት እየነደደ፣ በስልክ ባትሪ ስታበሩበት እያንዳንዱ መድኃኒት ምን እንደሆነ፣ የማን እንደሆነና እስከ መቼ እንደሚያገለግል በራሱ ይንገራችሁ። ሳጥኑ ቢያምር ባያምር ግድ የለም።

ግማሽ ቀን ይበቃል። ወፍራም ማርከር፣ የወረቀት ፕላስተር፣ መቀስ፣ አፋቸው የሚዘጋ ትንንሽ ላስቲኮች፣ ቁልፍ የሚቀበል ክዳን ያለው ሳጥንና ለሚጣለው አንድ ባዶ ካርቶን አዘጋጁ።

1. ከያለበት ሰብስባችሁ ዘርግፉት

በየቤታችን መድኃኒት አንድ ቦታ ብቻ ተቀምጦ አያውቅም። የኮመዲኖውን መሳቢያ፣ ብፌው ውስጥ ከስኒዎቹ ጀርባ፣ የፍሪጁን በር፣ የእናትን ቦርሳ፣ የአባትን ኮት ኪስ፣ የአያትን ትራስ ሥር፣ ሚስማር ላይ የተንጠለጠለውን ጥቁር ፌስታል፣ የመኪናውን መሳቢያ ፈትሹ። የቤት ሠራተኛ ካለች እሷንም ጠይቋት፤ ለራስ ምታት ብላ የያዘችው ይኖራል። አልጋ ላይ ነጭ አንሶላ አንጥፉና ሁሉንም ዘርግፉት። ትንንሽ ልጆች ካሉ ሲተኙ ብትሠሩት ይሻላል፤ የተዘረገፈ ክኒን ለሁለት ዓመት ልጅ ከረሜላ ነው።

የባህሉንም አትርሱ። ፌጦው፣ የጥቁር አዝሙዱ ዘይት፣ ለምች ተብሎ የደረቀው ዳማከሴ፣ ጤና አዳሙ ሁሉ ይምጣ። እነዚህን ለመጣል አይደለም። ምን እንደሆኑ ከእናት በቀር የሚያውቅ ስለሌለ ስማቸውን ልንጽፍባቸው ነው። ጤና አዳም ማሕፀን የማኮማተር ጠባይ ስላለው ነፍሰ ጡር ባለችበት ቤት ዕቃው ላይ «ለነፍሰ ጡር አይሆንም» ብላችሁ ጻፉበት። ማር ደግሞ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ለሳልም ቢሆን አይሰጥም፤ ለጎልማሳ የማይጎዳ ተሐዋሲ የሕፃን አንጀት ውስጥ መርዝ ሊያመርት ይችላል።

2. ቀኑን አንብቡ፤ ግን በፈረንጆች

ሰው የሚሳሳተው በአብዛኛው እዚህ ነው፤ ስለዚህ ጊዜ ስጡት።

ፓኬት ላይ ሁለት ቀን ይታተማል። «ኤም ኤፍ ጂ» ወይም «ኤም ኤፍ ዲ» በሚሉት የላቲን ፊደላት አጠገብ ያለው የተመረተበት ነው። «ኢ ኤክስ ፒ» አጠገብ ያለው የሚያበቃበት ነው። ከውጭ የሚገባው መድኃኒት ቀኑ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ አገር ውስጥ የተመረተውም ቢሆን እኔ ያየሁት ሁሉ እንደዚያው ነው። በ2018 ዓ.ም. አንዲት ደንበኛ ከቤቷ ያመጣችው ሽሮፕ ላይ «2024» የሚል አንብባ «ኧረ ገና ስድስት ዓመት አለው!» አለችኝ። ካለፈበት ከዓመት በላይ ሆኖት ነበር።

አቀያየሩ ቀላል ነው። የሚያበቃበት ወር ከ01 እስከ 08 ከሆነ ከዓመተ ምሕረቱ 8 ቀንሱ፤ ከ09 እስከ 12 ከሆነ 7 ቀንሱ። «06/2026» የሚል መድኃኒት እስከ ወሩ የመጨረሻ ቀን ያገለግላል ማለት ነው፤ በእኛ እስከ ሰኔ 23 ቀን 2018 ድረስ። «12/2026» ከሆነ ታኅሣሥ 2019 ነው። ይህን አስልታችሁ በማርከር ፓኬቱ ላይ በትልቁ «እስከ ሰኔ 2018» ብላችሁ ጻፉ። ሌሊት ማንም ሒሳብ አይሠራም።

ከአሜሪካ የመጣ መድኃኒት ላይ ቀንም ጭምር ከታተመ ወሩ ይቀድማል፤ «05/11» ሜይ 11 ነው፣ ከአውሮፓ በመጣው ላይ ግን ኖቬምበር 5።

ስትሪፑን፣ ክኒኑ የተደረደረበትን ብር ወረቀት፣ ደግሞ ተመልከቱት። ቀኑ የሚታተመው አንዱ ጫፍ ላይ ነው፤ ጎርበጥ ብሎ፣ ያለ ቀለም፣ ወደ ብርሃን ካላዘነበሉት የማይታይ። አራት ፍሬ ቆርጣችሁ ለጎረቤት ስትሰጡ ብዙ ጊዜ ያ ጫፍ አብሮ ይሄዳል፤ እናንተ ጋ የሚቀረው ስምም ቀንም የሌለው ብር ወረቀት ነው። ስለዚህ ክኒን ማውጣት የምትጀምሩት ቀን ከሌለበት ጫፍ ይሁን። ፋርማሲ ውስጥ ተቆጥሮ በትንሽ ፖስታ የሚሰጣችሁ ክኒንም እንዲሁ ነው። ፖስታው ላይ «1x3» ብቻ ተጽፎ ከሆነ እዚያው ቆማችሁ ስሙን፣ ሚሊ ግራሙንና የሚያበቃበትን ቀን እንዲጽፉላችሁ ጠይቁ። እኔ ሲጠይቁኝ አይከፋኝም፤ የሚከፋው ካለም ይክፋው።

ከተከፈተ በኋላ ሌላ ቀን የሚጀምርለትም አለ። የዓይን ጠብታ በአብዛኛው ከተከፈተ ከ28 ቀን በኋላ ይጣላል፣ ጠርሙሱ ላይ ያለው ቀን ገና ቢሆንም። በውኃ የሚበጠበጥ የልጆች አንቲባዮቲክ ከተበጠበጠ በኋላ ዕድሜው አጭር ነው፤ አሞክሲሲሊን እንደ ፋብሪካው መመሪያ ውጭ 7 ቀን፣ ፍሪጅ ውስጥ እስከ 14 ቀን ሊቆይ ይችላል፤ ክላቩላኔት የተጨመረበት (ብዙ ሰው ኦግመንቲን በሚለው ስም የሚያውቀው) ግን የግድ ፍሪጅ ይፈልጋል። እንዲህ ያሉት ላይ «የተከፈተው፦ ጥቅምት 5» ብላችሁ ፕላስተር ለጥፉ።

3. የሚሄደውን ለዩ

ስሙ የማይታወቅ ክኒን አይተረፍም። «ነጯ ለወገብ መሰለችኝ» የተባለላት ነጭ ክኒን ወደ ካርቶኑ ትሂድ። ቀኑ ያለፈው፣ ቀለሙ የተለወጠው፣ እርስ በርሱ የተጣበቀው፣ የሟሟው እንክብል፣ ውኃውና ቅባቱ የተለያየው ክሬም፣ አቼቶ አቼቶ የሚሸት አስፕሪን፣ ሁሉም ይሂዱ።

ክርክር የሚነሳው ግማሽ በቀረ አንቲባዮቲክ ላይ ነው። «ለሌላ ጊዜ ይሆናል» ይባላል። አይሆንም፤ ሲጀመር ሊተርፍ አይገባም ነበር። የቀረ አሞክሲሲሊን ማለት ያልተጨረሰ ሕክምና ነው፤ ቀጥሎ የሚመጣው ጉንፋን ደግሞ በቫይረስ የሚመጣ ስለሆነ ያ መድኃኒት አይነካውም። የወባ መድኃኒቱ ኮአርተምም እንዲሁ ነው፦ በ3 ቀን 6 ጊዜ ተወስዶ የሚያልቅ ነው፤ «ትኩሳቱ ስለለቀቀኝ አስቀመጥኩት» የተባለው ሁለት ፍሬ ሌላ ሰው አያድንም።

ቴትራሳይክሊንን ለብቻው ላንሳው፤ አሁንም አየዋለሁና። እንክብሉን ፈልፍሎ ቢጫውን ዱቄት ቁስል ላይ መነስነስ ስንት ዘመን የቆየ ልማድ ነው። ዱቄቱ ንጹሕ አይደለም፣ ቁስሉን ያደርቅና ከላይ ቅርፊት ይሠራበታል፤ መግሉ ከሥር ይቀራል። ቀኑ ያለፈ ቴትራሳይክሊን ቢዋጥ ደግሞ ኩላሊት ሊጎዳ ይችላል። ከቤት ይውጣ። ለዓይን የሚሰጠው የቴትራሳይክሊን ቅባት ሌላ ነው፤ እሱ የታዘዘለት ሰው ስምና የተከፈተበት ቀን ይጻፍበት።

4. አንድ መድኃኒት፣ አምስት ስም

የቀረውን አሁን በፋብሪካ ስሙ ሳይሆን በውስጡ ባለው መድኃኒት ስም ደርድሩት። ፓኬቱ ላይ ከትልቁ ስም በታች በትንንሽ ፊደል የተጻፈው ነው ዋናው።

ዘመድ ውጭ ያለው ቤተሰብ እዚህ ላይ መቆም አለበት። ከሜሪላንድ የመጣው አጎት ሻንጣ ውስጥ ታይሌኖል አለ፤ ጠርሙሱ ላይ «አሲታሚኖፌን» ይላል። ከሳዑዲ የተመለሰችው እህት ፌቫዶል ይዛለች። ከእስራኤል አካሞል፣ ከፈረንሳይ ዶሊፕራን መጥቷል፤ ከሰፈሩ ፋርማሲ ፓናዶል ተገዝቷል። አምስቱም ፓራሲታሞል ናቸው። አሲታሚኖፌን አሜሪካኖቹ ለፓራሲታሞል ያወጡለት ስም ነው እንጂ ሌላ መድኃኒት አይደለም። «ፓናዶሉ አልሠራ ሲለኝ ታይሌኖሉን ደገምኩበት» የሚል ሰው አንዱን መድኃኒት እጥፍ አድርጎ ወስዷል። ናይኩዊልና ዴይኩዊል የሚባሉት የጉንፋን መድኃኒቶችም ውስጥ ፓራሲታሞል አለ።

ለጤነኛ ጎልማሳ የፓራሲታሞል የመጨረሻ ጣሪያ በ24 ሰዓት 4 ግራም ነው፤ ባለ 500 ሚሊ ግራሙ 8 ፍሬ ማለት ነው፣ ከየትኛውም ጠርሙስ ተደምሮ። ለቀጭን ሰው፣ አዘውትሮ ለሚጠጣና ጉበቱ ለታመመ ከዚያም ያንሳል። ከጣሪያው ሲያልፍ የሚጎዳው ጉበት ነው፤ ያውም የመጀመሪያው ቀን ምንም ሳያሳይ።

ሌላው የመድኃኒት ቤተሰብ የሕመም ማስታገሻዎቹ የእነ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ነው። አድቪልና ሞትሪን አይቡፕሮፌን ናቸው፤ ቮልታረንና ካታፍላም ዳይክሎፌናክ። ሁለቱ ዘመዳሞች ስለሆኑ ደርቦ መውሰድ ጨጓራን ማድማት ነው። ጨጓራ በሌለበት ቤት ልንገራችሁ ብል ማንን አገኛለሁ? ጨጓራ ወይም ኩላሊት ያለበት፣ ነፍሰ ጡርም የሆነች ሐኪም ሳታማክር አትንካቸው። በነዚህ ላይ ቀይ ምልክት አድርጉ። አስፕሪን ደግሞ ከ16 ዓመት በታች ላለ ልጅ ለትኩሳት አይሰጥም።

አንድ ዓይነት የሆኑትን በአንድ ላስቲክ ከትታችሁ ላዩ ላይ በትልቁ «ፓራሲታሞል 500» ብላችሁ ጻፉ፤ ቀኑ ቅርብ የሆነው ከላይ ይሁን። እናቴ ኤናላፕሪሏን ያኔ በአንድ ላስቲክ ስናደርግላት ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ አየችውና «እና እኔ ባለሁለት ነበርኩ?» አለች።

5. የማንን የት?

ሳጥኑን ለሁለት ክፈሉት፦ የጋራና የግል። በጋራው ውስጥ ማንም የሚፈልገው ፓራሲታሞል፣ ኦ አር ኤስ (ለተቅማጥ በውኃ የሚበጠበጠው)፣ የቁስል ዕቃ ይግባ። በግሉ ውስጥ ለእያንዳንዱ ሰው ስሙ የተጻፈበት የራሱ ላስቲክ። የአባባ ግፊት ከእማማ ስኳር ጋር በአንድ ፌስታል አይደር።

የሚቆለፈው የግሉ ነው። ስኳር ለማውረድ የሚወሰደው ግሊቤንክላማይድ አንድ ፍሬ ብቻ ትንሽ ልጅን ራሱን ሊያስት፣ ሊገድልም ይችላል። ነፍሰ ጡሮች ከጤና ጣቢያ የሚያገኙት አይረን ደግሞ ቀልቶ፣ አብለጭልጮ፣ ላዩ ጣፍጦ ልጅ የሚጠራ ነው፤ ብዙ ፍሬ ከዋጠ አደገኛ መርዝ ነው። በከረሜላ መልክ ከአሜሪካ የሚመጡት ቫይታሚኖችም ከዚሁ ጋር ይቆለፉ። ለልጅ መድኃኒት ስትሰጡም «ከረሜላ ነው» አትበሉት።

ሳጥኑ የሚቀመጥበት ቦታ ደረቅ፣ ጨለማና ቀዝቀዝ ያለ ይሁን፤ አብዛኛው መድኃኒት ከ25 ወይም ከ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ይፈልጋል፤ ፓኬቱ ላይ ተጽፏል። መታጠቢያ ቤት እንፋሎት አለ። ወጥ ቤት ምጣድ አለ። የፍሪጁ ራስ ላይ የሚቀመጠው ደግሞ የፍሪጁን ሙቀት ሲጠጣ ይውላል። የመኝታ ቤት ቁም ሳጥን የላይኛው መደርደሪያ ከሁሉም ይሻላል። ድሬዳዋ፣ ጋምቤላ ወይም ሰመራ ከሆናችሁ ፀሐይ የማይነካውን የውስጠኛውን ግድግዳ ምረጡ፤ የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ መደርደሪያ ምድጃ ነው።

መድኃኒት ባይሆንም እዚሁ ላይ የሃይላንዱን ነገር ካልተናገርኩ አይሆንልኝም። ጸበሉ በሃይላንድ፣ በረኪናው በሃይላንድ፣ ነጭ ጋዙ በሃይላንድ! ሦስቱም ንጹሕ ውኃ ይመስላሉ። በረኪናና ነጭ ጋዝ በመጠጥ ዕቃ አይቀመጡ፤ ከተቀመጡም ላያቸው ላይ በማይለቅ ቀለም «መርዝ» ተብሎ ተጽፎ፣ ከመድኃኒትና ከምግብ ርቀው ይቆለፉ። ጸበሉ ላይም «ጸበል» ብላችሁ ጻፉ። ልጅ ነጭ ጋዝ ወይም በረኪና ከጠጣ እንዲያስታውክ አታድርጉት፤ ሲመለስ ሳንባውንና ጉሮሮውን ይጎዳዋል። ጠርሙሱን ይዛችሁ ወደ ሆስፒታል ሩጡ።

6. ሽሮፕና የማንኪያው ጣጣ

«አንድ ማንኪያ» የሚባል መጠን የለም። የሻይ ማንኪያ 5 ሚሊ ሊትር፣ የሾርባ ማንኪያ 15 ሚሊ ሊትር ነው ተብሎ ይታሰባል፤ የእናንተ ቤት ማንኪያ ግን ይህን አያውቅም። ከፋርማሲ ያለ መርፌ ባለ 5 ወይም ባለ 10 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ ግዙና ከሽሮፑ ጋር በላስቲክ እሰሩት። ሽሮፑ ይነቅነቅ፣ ይሳብ፣ በጉንጭ በኩል በቀስታ ይሰጥ።

ከማንኪያውም የባሰ ግን የሽሮፑ ጥንካሬ ነው። የልጆች ፓራሲታሞል አንዱ በ5 ሚሊ ሊትር 120 ሚሊ ግራም፣ ሌላው 250 ሚሊ ግራም አለው፤ ከአሜሪካ የሚመጣው 160 ነው። ለልጅ የሚሰጠው በኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም ነው፤ 10 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ከ100 እስከ 150 ሚሊ ግራም ያስፈልገዋል። ከባለ 120ው 5 ሚሊ ሊትር ልክ ነው። ያንኑ 5 ሚሊ ሊትር ከባለ 250ው ብትሰጡት ከሚገባው በላይ ሰጣችሁት። ጠርሙሱ ሲለወጥ ልኬቱ ይለወጣል። ስለዚህ ሽሮፕ ስትገዙ የልጁን ኪሎ ተናገሩና ፋርማሲስቷ ጠርሙሱ ላይ «ለሚኪ፣ 10 ኪሎ፣ 5 ሚሊ ሊትር፣ በየ6 ሰዓቱ፣ በቀን ከ4 ጊዜ አይበልጥም» ብላ ትጻፍላችሁ። ልጁ ሲያድግ ይሰረዛል። ሦስት ወር ያልሞላው ጨቅላ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ካተኮሰ ግን ሽሮፕ ፍለጋ ውስጥ አትግቡ፤ ቀጥታ ወደ ሐኪም ነው።

ሰዓቱንም በኛ አቆጣጠር ጻፉት። በየ8 ሰዓቱ የተባለ መድኃኒት ከጠዋቱ 12፣ ከቀኑ 8፣ ከምሽቱ 4 ነው። የስልኩ ማንቂያ በፈረንጅ ሰዓት ከሆነና ልጅ የምትጠብቀው በእኛ ካነበበች፣ «6 ሰዓት» የሚለው ማስታወሻ እኩለ ቀን ይሆንባታል። ረመዳንን ወይም ረጅም ጾምን የሚጾም የስኳር ታማሚ ካለ ደግሞ ሰዓቱን ራሱ አይቀይር፤ ከጾሙ በፊት ሐኪሙን ያነጋግር።

7. ፍሪጅ ለሚያስፈልገው

ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይፈልጋል። በፍሪጁ መሐል መደርደሪያ፣ በክዳን ዕቃ ውስጥ አስቀምጡት፤ በሩ ላይ ሙቀቱ ይዋዥቃል፣ ከበረዶው ክፍል አጠገብ ደግሞ ሊቀዘቅዝበት ይችላል። አንዴ በረዶ የሠራ ኢንሱሊን ቢቀልጥም አይሠራም፤ ይጣል። በአገልግሎት ላይ ያለው አብዛኛው ዓይነት ከፀሐይ ርቆ፣ ከ30 ዲግሪ ባልበለጠ ክፍል ለ28 ቀን ያህል ይቆያል። መብራት ለጥቂት ሰዓት ቢጠፋ አትደንግጡ፤ የፍሪጁን በር ደጋግማችሁ አትክፈቱ። ፍሪጅ የሌለው ቤት ትልቅ የሸክላ ማሰሮ ውስጥ ትንሽ ማሰሮ አስገብቶ መሐሉን በአሸዋ ይሙላ፣ አሸዋውን በየቀኑ ያርጥብ፣ ኢንሱሊኑን በላስቲክ ጠቅልሎ ውስጠኛው ውስጥ ይክደን። ውኃው ሲተን ያቀዘቅዘዋል፤ የውኃ እንስራ ለምን እንደሚቀዘቅዝ የሚያውቅ ሰው ነገሩ ይገባዋል።

8. የጎደለውን ግዙ

ብዙ አይደለም። ፓራሲታሞል ለአዋቂና ለልጅ፣ ዲጂታል ቴርሞሜትር፣ የቁስል ጋዝና ፋሻ፣ ፕላስተር፣ አዮዲን፣ ጓንት፣ ፒንሴት፣ የታሸገ ሳላይን (ቁስል የሚታጠብበት የጨው ውኃ)፣ ኦ አር ኤስና ለልጆች ዚንክ። አንቲባዮቲክ በዚህ ዝርዝር ውስጥ የለም።

ኦ አር ኤሱን፣ ብዙዎቻችን ለምለም የምንለውን፣ አስቀድማችሁ አንብቡት። አብዛኛው ፓኬት ለ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ ነው፤ ባለ 1 ሊትሩ ሃይላንድ እዚህ ላይ ይጠቅማል። ባለአንድ ተኩሉን ካነሳችሁ ቀጥኖ ይቀራል፣ በብርጭቆ ከበጠበጣችሁት ደግሞ ጨው በዝቶ ልጁን ይጎዳዋል። በ24 ሰዓት ያላለቀው ይደፋ። ፓኬት በጠፋበት ሌሊት 1 ሊትር ንጹሕ ውኃ ላይ በሻይ ማንኪያ ልክ ለጥ ያለ 6 ስኳርና ግማሽ ጨው በጥብጡበት። ዚንኩ ተቅማጡ ቢቆምም እስከ 10 ወይም 14 ቀን ይቀጥላል።

ለቃጠሎ የሚገዛ ነገር የለም፤ 20 ደቂቃ የሚወርድ ቀዝቃዛ ውኃ ነው። ኮልጌት፣ ቅቤና እንቁላል ሐኪሙ በኋላ ልጁን እያስለቀሰ የሚያጥባቸው ናቸው።

9. ካርቶኑን አስወግዱ

ሽንት ቤት አይደፋ፣ ቆሻሻ ገንዳ ላይም እንዳለ አይጣል፤ ቆሻሻ ለቃሚ ልጆች ያገኙታል። ጠይቁና የሚረከብ ፋርማሲ ወይም ጤና ጣቢያ በአቅራቢያችሁ ካለ ለእነሱ ስጡ። ከሌለ ክኒኑን ከስትሪፕ አውጡት፣ ከቡና አተላ ወይም ከአመድ ጋር ለውሱት፣ በላስቲክ አስራችሁ ጣሉ። ፓኬቱ ላይ ያለውን ስም አጥፉ፣ ጠርሙሱን ቀዳችሁ ወይም ሰብራችሁ ጣሉት፤ ቀኑ ያለፈ መድኃኒት በአዲስ መልክ ተመልሶ እንዳይሸጥ። የኢንሱሊን መርፌ ወፍራም የፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ ይጠራቀምና ጤና ጣቢያ ይወሰድ። ማሸጊያው ወይም ቀኑ ያጠራጠራችሁን መድኃኒት ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በነፃ መስመር 8482 ልትጠቁሙ ትችላላችሁ።

10. የክዳኑ ወረቀትና ፈተናው

በሳጥኑ ክዳን ውስጥ አንድ ወረቀት ለጥፉ፦ የየሰዉ ስም፣ የልጆች ኪሎ ከተመዘኑበት ቀን ጋር፣ በየቀኑ የሚወስዱት መድኃኒት፣ የማይስማማቸው («ፔኒሲሊን ያሳብጣታል»)። ከሥሩ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ በአዲስ አበባ የእሳትና አደጋ 939፣ የቅርብ ሆስፒታሉና መኪና ያለው ጎረቤት ስልክ። ወረቀቱን በስልክ አንሱትና ለእህት ወንድሞች ላኩ፤ ሐኪም ጋ ስትሄዱ የምትጠየቁት ይህ ነው። ሳጥኑ በጳጉሜን፣ ቤት ለእንቁጣጣሽ ሲጠረግ፣ አንዴ፤ ከፋሲካ በፊት አንዴ ይፈተሽ።

የመጨረሻው ሥራ ፈተና ነው። ማታ መብራቱን አጥፉና እናንተ ያልሆነ ሰው፣ አያት ወይም ልጅ የምትጠብቀዋ፣ በስልክ ባትሪ የልጁን ፓራሲታሞል አግኝታ መጠኑንና ቀኑን ታንብብላችሁ።

እናቴ ሳጥኑን ወዲያው ከፈተች፣ ጠርሙሱንም አነሳች። ከዚያ ወደ ዓይኗ አስጠጋችው፣ አራቀችው፣ መነጽሯን ልትፈልግ ተነሳች፣ በጨለማ አጣችው። ድሮ የተወችው፣ አንድ እግሩ በፕላስተር የተጠገነው መነጽር አሁን ከክዳኑ ሥር፣ ከቴርሞሜትሩ ጎን ነው የሚቀመጠው።